አባቱ ሲያትል፣ ሥራው ዳላስ፤ ልጄን ይዤ ልሂድ?

ጥያቄ

የዓምዱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሲያትል አካባቢ ነው። የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከአባቱ ጋር በኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት ከተፋታን አራት ዓመት ሆነን። ፓረንቲንግ ፕላናችን፣ ማለትም ልጁ መቼ ከማን ጋር እንደሚሆን የሚወስነው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ ልጁ ከእኔ ጋር እንዲኖር፣ አባቱ በየሁለት ሳምንቱ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ፣ በሰመር ደግሞ ሁለት ሳምንት እንዲወስደው ይላል።

ነርስ ነኝ። ካለፈው ሴፕቴምበር ጀምሮ የምሠራው ሌሊት ነው። ከልጁ ጋር የሚያድርልኝ ሰው ስለሌለ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አባቱ ዘንድ ያድራል፤ ይህን የተስማማነው በቃል ነው። አባቱ ታክሲ ይነዳል። እኛ አልሆነልንም እንጂ ልጁን ይወዳል፤ ውሸት አልናገርም።

ታላቅ እህቴ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ቤት ገዝታለች። «ነይ፣ ሁለት ክፍል ባዶ ነው፤ ልጁን እኔ አይልሻለሁ» ካለችኝ ቆየች። እዚያ ሆስፒታል የቀን ሥራ አግኝቻለሁ፤ ጁላይ መጨረሻ ጀምሪ ብለውኛል። እዚህ ደመወዜ ለቤት ኪራይ ነው የሚያልቀው፤ ልጄን የማየው እንቅልፍ ባጣ ዓይኔ ነው።

ለአባቱ ስነግረው «ልጄን ይዘሽ ከስቴት ብትወጪ ፖሊስ ነው የምጠራብሽ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። አንዲት ጓደኛዬ «ለሰመር ዕረፍት ብለሽ ውሰጂውና እዚያው ትምህርት ቤት አስገቢው፤ ስድስት ወር ከሞላው ጉዳዩ የቴክሳስ ይሆናል» ትለኛለች። የንስሐ አባታችን ታገሺ ይላሉ። አንዳንዴ ለልጄ ብዬ የምሄድ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ የሰው ወሬ ሰልችቶኝ ከዚህ ከተማ የምሸሽ ይመስለኛል። መብቴ ነው? ወይስ ልጄን አባት ላሳጣው ነው?

ደክሞኛል፣ ከሲያትል

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጓደኛሽ የመከረችሽን እንዳታደርጊ እለምንሻለሁ። ስድስት ወር የሚባለው ነገር መነሻ አለው፤ ስለ አንድ ልጅ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚሰጠው ልጁ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረበት ስቴት ነው። ያ ግን ቀድሞ ትዕዛዝ ላልወጣለት ልጅ ነው። የአንቺን ልጅ ጉዳይ የወሰነው የዋሽንግተን ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ አባቱ እዚያው እየኖረ ልጁን እስካገኘው ድረስ ትዕዛዙን የማሻሻል ሥልጣን ከዚያው አይወጣም። ልጁ ጋርላንድ ስድስት ወር ቢቆይም ዓመት ቢቆይም ያው ነው። ለዕረፍት ወስደሽ ብታስቀሪው አባቱ ሲያትል ላይ ያመለክታል፣ ዳኛው ልጁ እንዲመለስ ሊያዝ ይችላል፣ ያንን ትዕዛዝ የቴክሳስ ፍርድ ቤት ያስፈጽመዋል፤ ልጁ ገና ከተላመደው አዲስ ክፍል ይነሣና ይመለሳል። አንቺም ትዕዛዝ በመጣስ ትጠየቂያለሽ። የአባትን ጊዜ ሆን ብሎ መንፈግ ወደ ወንጀል ክስም ሊያመራ ይችላል።

የሚያሳዝነው ደግሞ ያንን መንገድ የሚያስመርጥሽ ችግር የሌለ መሆኑ ነው፤ በፊት ለፊት በር የሚያስኬድ ጉዳይ አለሽ። የዋሽንግተን ሕግ፣ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ከሚሄደው ወላጅ ጋር ከሆነ፣ «ይፈቀዳል» ከሚል ግምት ነው የሚነሣው። ተቃዋሚው ወላጅ ያንን ግምት ለማፍረስ፣ መሄዱ የሚያመጣው ጉዳት ለልጁና ለሚሄደው ወላጅ ከሚያስገኘው ጥቅም እንደሚበልጥ ማስረዳት አለበት። «ለሚሄደው ወላጅ» የሚለውን ልብ በይ። የአንቺ እንቅልፍ፣ የአንቺ የቀን ሥራ፣ የእህትሽ አጠገብሽ መሆን በሚዛኑ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «ለልጄ ነው ወይስ ለራሴ?» እያልሽ ራስሽን አትግረፊ፤ ሕጉም ሁለቱን አይነጣጥላቸውም። አባቱ «ፖሊስ» ያለው በንዴት ነው። በሥርዓቱ አሳውቀሽ ከሄድሽ ፖሊስ የሚያስጠራ ነገር የለም። ሳታሳውቂ መውጣት አትችይም ማለቱ ከሆነ ግን እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ማክሰኞና ሐሙስ እንምጣ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። ያ መልካም ግምት የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ልጁ ጊዜውን ለሁለቱ ወላጆች በእኩል መጠን ገደማ የሚያካፍል ከሆነ። ሕጉ ድንበሩን 45 በመቶ ላይ አስቀምጦታል፤ በዓመት ሌሊት ሲቆጠር 164 ገደማ ማለት ነው። በትዕዛዙ መሠረት እንቁጠር። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሌሊት፣ በዓመት 52፤ ከሰመሩ ሁለት ሳምንት ጋር የሚደራረቡትን ሁለቱን ቀንሰሽ 14 ስትጨምሪበት 64 ሌሊት ይሆናል፤ 18 በመቶ እንኳ አይሞላም። ማክሰኞና ሐሙስ ሲገቡበት ግን፣ ሰመሩ ላይ ከሚደራረቡት አራት ሌሊቶች በስተቀር፣ 100 ሌሊት ይጨመራል። ድምሩ 164። በቃል የተስማማችሁት ነገር ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ከሄደ ድንበሩ ላይ ያቆምሻል ማለት ነው።

ዳኛው የሚቆጥረው በመሠረቱ በትዕዛዙ የተጻፈውን ነው። በተግባር ወዳለው ኑሮ የሚያልፈው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው፤ ከትዕዛዙ በጉልህ የራቀ ልማድ ሲኖርና ሲቀጥል፣ ሁለቱም ወላጆች የተስማሙበት ሲሆን፣ መነሻውም ከሁለቱም አቅም በላይ የሆነ ነገር ካልሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንቺ ዘንድ ያሉ ይመስላሉ። የሌሊት ሥራሽ «ከአቅም በላይ» ነው ወይስ የመረጥሽው ነው የሚለው ግን ጠበቃ ቁጭ ብሎ የሚያየው ጥያቄ ነው። ግምቱን ብታጪም ጉዳዩ አበቃ ማለት አይደለም፤ ሁለታችሁም በእኩል መነሻ ቆማችሁ ዳኛው የልጁን ጥቅም ይመዝናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ቁጥሩን ሲሰማ በማግሥቱ የአባቱን ሌሊቶች ለመቁረጥ መሞከሩ ነው። አታድርጊው። ዳኛው ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ የሁለታችሁም ቅንነት ነው፤ ማስታወቂያ ልትልኪ ስትይ ልጁን ከአባቱ ካራቅሽው ፍላጎትሽ በግልጽ ይነበባል። ከሕጉም ይልቅ ልጁ አለ። ይህ ልጅ ከሴፕቴምበር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሌሊት አባቱ ዘንድ እያደረ ጠዋት ከዚያው ትምህርት ቤት ሄዷል። ዳላስ ስትሄዱ የሚያጣው በወረቀት ላይ ያለውን ቅዳሜና እሑድ ብቻ አይደለም። ያንን ማየት ከቻልሽ፣ አባቱ ለምን እንደዚያ እንደጮኸም ይገባሽ ይሆናል። እስቲ ልጠይቅሽ፤ እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ለአንቺ የሥራ መፍትሔ ነበሩ፤ ለልጅሽስ ምን ነበሩ?

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ለመሄድ ካሰብሽበት ቀን ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ የጽሑፍ ማስታወቂያ ለአባቱ ይሰጣል። ቅጹ ኤፍኤል ሪሎኬት 701 ይባላል፤ ከዋሽንግተን ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። የሚሞላበት የምትሄጂበት ቀን፣ የአዲሱ ቤት አድራሻና ስልክ፣ ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤትና የሚውልበት ቦታ፣ የምትሄጂበት ምክንያት ባጭሩ፣ እንዲሁም በተቃውሞው ጊዜ ወረቀት የምትቀበይበት አድራሻ ነው። ከእርሱ ጋር አዲስ የፓረንቲንግ ፕላን ሐሳብ ይያያዛል፤ ቅጹ ኤፍኤል ኦል ፋሚሊ 140 ነው። አሰጣጡ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ፣ ባለጉዳይ ያልሆነ ሰው በእጁ ያስረክበዋል፣ ወይም የመድረሻ ፊርማ በሚመለስበት ፖስታ ይላካል። በስልክ የተላከ መልእክት፣ በቫይበር የተነገረ ነገር፣ «ባለፈው ነግሬዋለሁ» አይቆጠርም። በእጅ ከተሰጠ የሰጠው ሰው የማስረከቢያ ወረቀቱን ይፈርምልሽ፤ በፖስታ ከሆነ አባቱ የፈረመባትን የመመለሻ ካርድ እንደ ፓስፖርትሽ ጠብቂያት።

ልትሄጂ ያሰብሽው ጁላይ 20 ነው እንበል። የመጨረሻው ቀን ሜይ 21 ይሆናል ማለት ነው። እስከዚያ ግን አትጠብቂ። አባቱ ወረቀቱ ከደረሰው ጀምሮ ለመቃወም 30 ቀን አለው፤ በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የልጁን መኖሪያ መቀየር አትችይም። በጊዜው ተቃውሞ፣ ተቃውሞው ከደረሰሽ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ቀጠሮ ካስያዘ ደግሞ እስከዚያ ቀጠሮ ድረስ ትጠብቂያለሽ። ወረቀቱ ሜይ 1 ቢደርሰው ተቃውሞው በሜይ መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ በጁን አጋማሽ ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ቀጠሮ ዳኛው ለጊዜው ትሂድ ወይም ትቆይ ሊል ይችላል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። ለጊዜው ለመሄድ ፈቃድ የሚያገኝ ሰው አንደኛ ማስታወቂያውን በሥርዓቱ የሰጠ፣ ሁለተኛ በመጨረሻውም ሊፈቀድለት እንደሚችል ያሳየ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ምንም ካልተቃወመ መሄዱ ይፈቀድልሻል፤ ያን ጊዜም ዝም ብለሽ አትነሺ፤ አዲሱን ፕላን ዳኛ እንዲፈርምበት አድርጊ።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለብሽ አንድ አደጋ አለ። በሌላ ጊዜ አባቱ ልጁ ከእርሱ ጋር እንዲኖር ለመጠየቅ ቢፈልግ፣ ገና ከበሩ በቂ ምክንያት እንዳለው ማሳየት ነበረበት። አንቺ የመሄድ ጥያቄ እስከያዝሽ ድረስ ግን ያ በር ክፍት ነው፤ በተቃውሞው ውስጥ «ልጁ ከእኔ ጋር ይቅር» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያውን «እስቲ ልሞክር» ብለሽ አትላኪው፤ ስትልኪው ተዘጋጅተሽ ይሁን።

ዝግጅት የምለው ወረቀት ነው። ዳኛው የሚያያቸው ነጥቦች በሕጉ ተዘርዝረዋል፤ ልጁ ከእያንዳንዳችሁ ጋር ያለው ትስስር፣ ቀድሞ የተስማማችሁበት ነገር፣ የመሄድና የመቃወም ምክንያት፣ የልጁ ዕድሜና ፍላጎት፣ እዚህና እዚያ ያለው የኑሮ ሁኔታ፣ ከአባቱ ጋር ያለውን ግንኙነት በሌላ መንገድ ማቆየት ይቻል እንደሆነ፣ ሳይሄዱ የሚፈታበት አማራጭ ካለ፣ ወጪው። «ኑሮ ይሻለናል» ማለት ብቻውን ባዶ ነው። የሆስፒታሉ የሥራ ደብዳቤ ደመወዙንና የቀን ፈረቃ መሆኑን ጽፎ ይኑርሽ፤ የዛሬው ኪራይሽ ውልና የእህትሽ የተፈረመ ደብዳቤ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ልጁ የሚመዘገብበት ትምህርት ቤት ስም፣ ከእህትሽ ቤት ያለው ርቀት፣ ከትምህርት በኋላ ማን እንደሚቀበለው ይጻፍ። «አማራጭ» የሚለውንም አትዝለዪው፤ ሲያትል ላይ የቀን ሥራ ፈልገሽ ነበር? አሠሪሽን ጠይቀሻል? ካልጠየቅሽ በዚህ ሳምንት በኢሜይል ጠይቂ። «የለም» ካሉሽ ማስረጃ ሆነልሽ። «አለ» ካሉሽ ደግሞ ከዳኛ በፊት አንቺ ራስሽ ልታስቢበት የሚገባ ዜና ነው።

ከከተማው የምሸሽ ይመስለኛል ያልሽውን አላለፍኩትም። የሰው ወሬ ያደክማል፤ ያ ስሜት ነውር የለውም። ግን ማታ ብቻሽን ስትሆኚ ይህን መልሺ፤ ወሬው ነገ ቢቆም፣ የቀን ሥራውም እዚሁ ቢገኝ፣ አሁንም ወደ እህትሽ ትሄጂ ነበር? አዎ ከሆነ ምክንያትሽ በእግሩ የቆመ ነው። ሌላም ጥያቄ አለ። የዋሽንግተን ሕግ መሄዱ ይፈቀድ አይፈቀድ በሚወሰንበት ጊዜ «ልጁ ቢከለከል አንቺ ብቻሽን ትሄጂያለሽ?» የሚል ማስረጃ እንዲቀርብ አይፈቅድም፤ እናትን ወጥመድ ውስጥ የሚከት ጥያቄ ስለሆነ። ፍርድ ቤቱ ከከለከለ በኋላ ግን ጥያቄው ይመጣል፤ ያን ጊዜ ልጁ ከማን ጋር ይሁን የሚለው ይወሰናልና። አንቺ መልሱን ዛሬውኑ ለራስሽ ማወቅ አለብሽ። ቤት ከመልቀቅሽ፣ ሥራሽን ከመተውሽ በፊት።

ወደ አባቱ እንመለስ፤ ጉዳዩ ያለ ክርክር ሊያልቅ የሚችልበት መንገድ በእርሱ በኩል ነው። ማስታወቂያው ድንገት በፖስታ ከደረሰው ጠበቃ ፍለጋ ነው የሚሄደው። ከመላክሽ አንድ ሳምንት በፊት፣ ልጁ በሌለበት፣ ፊት ለፊት ወይም በስልክ አናግሪው። እንዲህ ልትጀምሪ ትችያለሽ፦ «ባለፈው የነገርኩህ አነጋገሬ ልክ አልነበረም። ልጁን ከአንተ ልወስድ አይደለም የማስበው። ሌሊት መሥራት አልቻልኩም፤ እህቴ ዘንድ የቀን ሥራ አግኝቻለሁ። ለአንተ ስንት ቀን እንደሚደርስህ፣ ትኬቱን ማን እንደሚችል ጽፌ አምጥቻለሁ፤ አይተህ የጎደለውን ንገረኝ።» ቢቆጣ አትመልሺለት፤ ወረቀቱን ትተሽለት ሂጂ። ቁጣው ያለፈው ሰው ማታ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል።

ሽማግሌም መልካም ነው። የንስሐ አባታችሁ ሁለታችሁንም ያውቃሉ፤ «ታገሺ» ካሉሽ፣ «እርስዎ ባሉበት እናውራ» ብለሽ ጠይቂያቸው። አንድ ነገር ግን አደራ። በሽማግሌ ፊት የተጨበጠ እጅ ለፍርድ ቤቱ ምንም አይደለም። «ተስማምተን ነበር» ብላ ከሄደች በኋላ አባትየው ሐሳቡን ለውጦ «አልፈቀድኩም» ያለባት እናት የምታሳየው ወረቀት የላትም። የተስማማችሁበትን በስምምነት የተሻሻለ ፓረንቲንግ ፕላን አድርጋችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ ዳኛ ይፈርምበት። ከዚያ ነው ስምምነት የሚሆነው።

በፕላኑ ውስጥ ምን ይጻፍ? ለአባቱ ስድስት የሰመር ሳምንት፣ ስፕሪንግ ብሬክን በሙሉ፣ የዊንተር ብሬክን (የዲሴምበሩን ዕረፍት) ግማሽ፣ ታንክስጊቪንግን ዓመት እየተቀያየራችሁ ብትሰጪው 60 ሌሊት ገደማ ይሆናል፤ ዛሬ በትዕዛዙ ካለው ብዙም አያንስም። ከዛሬው ኑሮ ግን 100 ሌሊት ያህል ይጎድላል፤ ይህን አባቱም ልጁም ያውቁታል። ስለዚህ በተጨማሪ፣ አባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ካሳወቀ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ዳላስ መጥቶ ልጁን መውሰድ እንዲችል ጻፊ። ሰመሩን በተወሰነ የካላንደር ቀን አትጻፉት። ዳላስ አካባቢ ትምህርት የሚዘጋው ሜይ መጨረሻ ገደማ ሆኖ በኦገስት ይከፈታል፤ ሲያትል ግን እስከ ጁን ይሄድና በሴፕቴምበር ይጀመራል። የሲያትሉን ልማድ ይዘው «ጁላይና ኦገስት የአባት ነው» ብለው የጻፉ ወላጆች፣ ልጁ የመጀመሪያዎቹን የትምህርት ቀናት ሲያጣ ይጣላሉ። «የልጁ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሰባተኛው ቀን ይጀምራል፣ ስድስት ሳምንት ይቆያል፣ ቢዘገይ ከመከፈቱ ከ10 ቀን በፊት ይመለሳል» ማለት ይበቃል።

በዓሎቻችን በቅጹ ላይ የሉም፤ እናንተ ካልጻፋችኋቸው ደግሞ የማንም አይደሉም። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ጥምቀት ብዙውን ጊዜ በትምህርት ቀን ላይ ይውላሉ፤ ለእነርሱ ረዘም ያለ የቪዲዮ ጥሪ፣ ለፋሲካ ደግሞ ከቻላችሁ ዓመት እየተቀያየረ ጉዞ። የጥሪው ሰዓትም ይጻፍ። ዳላስ ከሲያትል በሁለት ሰዓት ይቀድማል፤ አባቱ ታክሲውን አቁሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲደውል ዳላስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፣ የ8 ዓመት ልጅ ተኝቷል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሆነ ተለይቶ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ፤ በአማርኛ ተነጋግራችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የስድስት ሰዓት ስህተት ቀላል ነው።

ትኬትስ? የዋሽንግተን ሕግ ልጁ ወደ ወላጁ የሚሄድበትን የሩቅ ጉዞ ወጪ፣ ሁለቱ ወላጆች መሠረታዊውን ቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ) በሚካፈሉበት መጠን እንዲካፈሉት ይላል። በሰፖርቱ ስሌት የአንቺ ድርሻ 55፣ የእርሱ 45 በመቶ ከሆነ፣ ከ1,000 ዶላር ትኬት 550ው የአንቺ ነው። ዳላስ ያለው ደመወዝሽ ስሌቱን ሊቀይረው ስለሚችል አስቀድመሽ አስልተሽ ያዢ። ማን እንደሚገዛ፣ ከጉዞው ስንት ቀን በፊት፣ ሌላው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመልስ ካልተጻፈ ጠቡ እዚያ ይጀምራል። ከሲያትል ዳላስ ያለ ማረፊያ አራት ሰዓት ያህል በረራ ነው። አየር መንገዶች ከ5 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅን ያለ አዋቂ የሚቀበሉት በተለየ ክፍያና በራሳቸው ደንብ ነው፤ ክፍያው በእያንዳንዱ ጉዞ ስለሆነ የዓመቱን ደምረሽ ከወጪው ውስጥ አስገቢው። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ግን አንዳችሁ አብራችሁት ብትበሩ ይሻላል።

ልጁ እስካሁን ምን ያውቃል? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። ከአባቱ ጋር ሳትነጋገሪ አትንገሪው፤ ምሥጢር ተሸክሞ ማክሰኞ ማታ አባቱ ቤት እንዲያድር አታድርጊው። «ከማን ጋር መሆን ትፈልጋለህ?» ብለሽም አትጠይቂው፤ ለ8 ዓመት ልጅ ይህ ጥያቄ አንዳችሁን ካድ እንደማለት ነው። ከተቻለ ሁለታችሁም ባላችሁበት፣ አጭር አድርጋችሁ፣ መቼ አባቱን እንደሚያይ በካላንደር ላይ በቀለም ምልክት አድርጋችሁ አሳዩት። ሊያለቅስ ይችላል። አልቅሶ ይውጣለት።

እስከዚያ ድረስ የቤት ኪራይ ውልሽን አታፍርሺ፣ ሥራሽን አትልቀቂ፣ ልጁን ጋርላንድ አታስመዝግቢ። ዳላስ ላለው ሆስፒታል የፍርድ ቤት ጉዳይ እንዳለሽ ነግረሽ የመጀመሪያ ቀንሽ ሊገፋ ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። ከተፈቀደልሽ በኋላ የአዲሱን ትዕዛዝ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ቅጂ ሁለት ሦስት አውጪ፤ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ነው፣ ሌላው ደግሞ ትዕዛዙን ቴክሳስ ፍርድ ቤት ለማስመዝገብ ያገለግልሻል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች እናቶችና አባቶችም ሁለት ቃል ልጨምር። ከጥቃት የምትሸሹ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ወደ መጠለያ የገባች ሴት ማስታወቂያውን 21 ቀን ማዘግየት ትችላለች፣ አድራሻን መደበቅ ወይም ከማስታወቂያው ጨርሶ ነፃ መሆንም ይጠየቃል። ሌላ ስቴት ላላችሁ ደግሞ ይህ ሕግ የእናንተ አይደለም። ቨርጂንያ የምትኖሩ 30 ቀን፣ ሜሪላንድ የምትኖሩ 90 ቀን አስቀድማችሁ እንድታሳውቁ ትዕዛዛችሁ ላይ ተጽፎ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ የማስረዳት ሸክሙም እንደ ዋሽንግተኑ አይደለም።

እህቴ፣ ለጠበቃ ሙሉ ክፍያ ባይኖርሽ ኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት በሲያትልም በኬንትም ቅጽ አሞላሉን የሚያሳዩ የቤተሰብ ጉዳይ ረዳቶች አሉት፤ የኪንግ ካውንቲ የጠበቆች ማኅበር ነፃ የምክር ክሊኒክ አለው፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ኖርዝዌስት ጀስቲስ ፕሮጀክት የሚባል ነፃ የሕግ አገልግሎት አለ። ለችሎቱ የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይመደብልሻል፤ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ዘመድ አታስተርጉሚ። ጠበቃን ለአንድ ሥራ ብቻ፣ ለምሳሌ ማስታወቂያውንና ፕላኑን እንዲያይልሽ መቅጠርም ይቻላል። ስትሄጂ ትዕዛዙን፣ የሥራ ደብዳቤሽንና ከሴፕቴምበር ጀምሮ ልጁ የት እንዳደረ በየቀኑ የተጻፈበት ካላንደር ይዘሽ ሂጂ፤ የሥራ መርሐ ግብርሽንና የስልክ መልእክቶችሽን አይተሽ ሙዪው። የመጀመሪያ ጥያቄሽ «በዚህ ካላንደር ግምቱ ለእኔ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ይሁን። ሁለተኛው «ቢከለከል ዛሬ ያለኝን እንዳላጣ ምን ላድርግ?» ነው። ሁለቱን መልሶች ሳትሰሚ ማስታወቂያውን አትላኪ።